እርግቦቹ ለዌስሊ

ግሌኒስ ጠዋት የወጥ ቤቱን መጋረጃ ስትከፍት፣ ጓሮው ጫፍ ባለው ባዶ የእርግብ ቤት ጣሪያ ላይ የዌስሊን እርግቦች አየች። ከዚያ ከሄዱ ሳምንታት አልፈዋል። ዌስሊ ራሱ በቅርጫት አድርጎ፣ መኪና ላይ ጭኖ፣ ከወንዙ ማዶ ወደተከራየው ቤት ወስዷቸው ነበር፤ እዚያም አዲስ ቤት ሠርቶላቸዋል። አሁን ግን ከሥራ እንደተመለሰ ሰው ክንፋቸውን እያራገፉ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ በሩ እስኪከፈትላቸው ይጠብቃሉ።

የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች።

"እናንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አለቻቸው።

አንዷ፣ ደረቷ የጡብ ቀለም ያላት፣ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ግሌኒስ ተመልሳ ገብታ ስልክ ደወለች።

"ዌስ፣ እንግዶች መጥተውብኛል።"

"ሁሉም?"

"ልቁጠርልህ እንዴ? ጣሪያው አይታይም። ምን አደረግካቸው?"

"ምንም አላደረግኳቸውም። በሩን ከፈትኩላቸው፣ በረሩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የሆነውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ውሃ ስጫቸው። እህል እንዳትሰጪ፣ መጣሁ።"

ግሌኒስና ዌስሊ ባልና ሚስት አይደሉም፤ ሆነውም አያውቁም። ግሌኒስ በልጅነቷ አንዴ አግብታ ስለነበር፣ ከዚያ ስትወጣ "ከእንግዲህ ማንም ሚስቴ አይለኝም" ብላ ምላለች። ከዌስሊ ጋር ብዙ ዘመን እንዲሁ አብረው ከኖሩ በኋላ ነው ሕጉ የተለወጠው፤ ወንድና ሴትም ሳይጋቡ ጥምረታቸውን በማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ ይችላሉ ተባለ። በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት ወደ ባርንስሊ ከተማ ወርደው ፈረሙ፣ አሳና ድንች ጥብስ በሉ፣ በአውቶቡስ ተመለሱ። ሹፌሩ በአውቶቡስ ድርጅቱ ከዌስሊ ጋር አብሮ የሚነዳ ስለነበር "ለሙሽሮች ነጻ ነው" ብሎ ሲጮህ፣ ግሌኒስ "ሙሽራ አይደለሁም!" ብላ ሒሳቡን በግድ ከፈለች። መንደራችን ይህን ሲያወራ ከረመ።

አሁን ያንን ጥምረት በሕግ እያፈረሱት ነው። ያጣላቸው ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ግሌኒስ ባሕር ትወዳለች። ዌስሊ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጓሮው ንቅንቅ አይልም፤ ከሩቅ አገር ለውድድር የተለቀቁ እርግቦቹን አንጋጦ ይጠብቃል። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ በበጋ አንዲት ቅዳሜ እንኳ ተያይዘው ወጥተው አያውቁም። ግሌኒስ ለእህቷ ለቤሪል "ሌላ ሴት ብትሆንማ ጸጉሯን ነጭቼ አባርራት ነበር፤ እርግብን ምን ብዬ ላባርር?" ትላት ነበር። ዌስሊም እውነት እንዳላት ያውቃል። ስለዚህ ማመልከቻውን ጎን ለጎን ተቀምጠው በኮምፒውተር ሞሉት። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ እንኳ የለውም። ግሌኒስ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጋ ስታጣው ትንሽ ቅር አላት።

ፍርድ ቤቱ የሚያስጠብቀውን ያህል አስጠብቆ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሰጠ። የቀረው ጥምረቱን ፈጽሞ የሚያፈርሰው የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። የግሌኒስ ጠበቃ ግን "የንብረቱን ስምምነት ዳኛ ሳያጸድቀው የመጨረሻውን እንዳትጠይቂ። ፈርሶ ካለቀ በኋላ ገንዘብ መከፋፈል መዘዝ አለው" ብሏታል።

ስምምነቱን አንዲት አደራዳሪ ፊት ተቀምጠው በአንድ ከሰዓት ነበር የጨረሱት። ቤቱ ግሌኒስ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ጣሪያው ሲታደስ ከባንክ ለመበደር ብለው በሁለቱም ስም አዙረውታል። ይሸጥና እኩል ይካፈሉ። ጡረታ ለየራስ። መኪናው ለዌስሊ፣ የቤቱ ዕቃ ለግሌኒስ። አደራዳሪዋ መነጽሯን ካወለቀች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላትና መልሳ አጠለቀችው።

"እርግቦቹስ?"

"እነሱማ የሱ ናቸው!" አለች ግሌኒስ እየሳቀች። "በነጻ ይውሰዳቸው!"

ሴትዮዋም እየሳቀች "እርግቦቹ ለዌስሊ" ብላ ጻፈች። ዌስሊ አፉን ከፈት አደረገ፤ ከዚያ ከፊቱ ያለውን ውሃ ጠጣ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ወረቀቱ ተተይቦ ለሁለቱም ተልኳል። ግሌኒስ በማግስቱ ፈረመች። በሆርንሲ፣ ከእህቷ ቤት ጀርባ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ባሕሩ የሚታይ አንድ ትንሽ ቤት አግኝታለች፤ ባለቤቱ ሽማግሌ "እስከ በጋው አጋማሽ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ነው" ብለዋታል። የመንደሩን ቤት የምትገዛም ታምሲን የምትባል አንዲት ነርስ መጥታለች። ሁሉም ነገር የዌስሊን ፊርማ ይጠብቃል። ዌስሊ ግን አይፈርምም። እምቢ አይልም፤ አልፈልግም አይልም። "አየዋለሁ" ይላል።

ቤሪል ገንዘብ ነው አለች። "ጡረታሽን አስቦት ነው፤ ወንድ ዝም ካለ ሒሳብ እየሠራ ነው።" የቀኝ ጎረቤቷ ደግሞ "አንቺ ሞኝ፣ ሊለይሽ አቅቶት ነው እንጂ" አለቻት። ግሌኒስ ሁለቱንም አላመነችም። ዌስሊ ገንዘብ ቢፈልግ ይናገራል። ፍቅር ከሆነም አንዲት ቅዳሜ ይበቃት ነበር።

በዚያ ጠዋት ዌስሊ ቅርጫቶቹን ይዞ በኋላ በር ገባ። በቆሎ ያለበትን ቆርቆሮ ሲያንቀጫቅጭ እርግቦቹ ከጣሪያው እየወረዱ ወደ አሮጌው ቤታቸው ተሽቀዳደሙ፤ እያንዳንዷ በገዛ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። እሱም አንድ በአንድ እያነሳ ቅርጫት ውስጥ ያስገባቸው ጀመር። ግሌኒስ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በዚያ በር እንዲህ ተጠግታ ስትቆም የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

"ለምንድን ነው የተመለሱት?"

"ቤታቸው ነዋ።"

"ቤታቸውማ አንተ ጋ ነው። አየሁት እኮ፣ ቀለም ሁሉ ቀብተህላቸዋል።"

"እሱን ለነሱ ንገሪልኝ።"

"እንደገና ልትወስዳቸው ነው?"

"አዎ።"

"እንደገና ቢመጡስ?"

"ስኳር አላደረግሽበትም" አለ ዌስሊ።

"ስኳር ሐኪም ከልክሎሃል። ወረቀቱንስ?"

"አየዋለሁ፣ ግሌን።"

ወሰዳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ጡብ ደረቷ እርግብ ቀድማ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በዚህ ጊዜ ግሌኒስ አልተናደደችም። ሻይዋን ይዛ ጓሮ ወጥታ፣ አንጋጣ ብዙ ቆመች። ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ሆነባት። ለእነዚህ ወፎች ከወንዙ ወዲያ ያለውና ከወንዙ ወዲህ ያለው ልዩነቱ ምንድን ነው? እህሉ ያው፣ ሰውዬው ያው፣ ቤቱ እንዲያውም አዲሱ ይሻላል። ደግሞስ የገዛ እርግቦቹ ከእጁ ያመለጡበት ሰው ለምን አይደነግጥም?

ዓርብ አመሻሹ ላይ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄደች። በኋላ ክፍሉ የእርግብ ሰዎች ለነገው ውድድር የሚልኳቸውን ወፎች ያስመዘግባሉ፤ ቅርጫቶቹ እስከ በሩ ተደርድረዋል፣ ክፍሉ በላባና በቢራ ሽታ ታፍኗል። ዌስሊ በዚያ ሰሞን አልመጣም ነበር። ስትገባ ሁሉም ዞሮ አያት።

"ተሳስተሻል፣ ውዴ፤ የቢንጎ ጨዋታው ወዲያኛው ክፍል ነው" አላት አንዱ።

"ዝም በል፣ የዌስ ሴት ናት" አለው ሌላው።

"ነበረች በላ።"

"ገና ነኝ" አለች ግሌኒስ። "ፍርድ ቤት አልጨረሰንም።"

ሳቁ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ኢዋርት፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ሳይዘጋ በፊት እዚያ ያረጁ ሽማግሌ፣ እጃቸው ውስጥ ያለችውን እርግብ ለጎናቸው ሰው አቀብለው ወንበር ሳቡላት።

"ነይ ቁጭ በይ፣ ልጄ። በሊጥ ጠቅልዬ እጋግራቸዋለሁ እያልሽ የምትዝቺው አንቺ ነሽ አይደል?"

"እሱ የገና ሰሞን ነው የተናገርኩት፣ ጠጥቼ ነበር።"

"ይቅር ብለንሻል። ቢራ አምጡላት።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እርግብ ባለቤቱን ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም! የሚያበላውን የማያውቅ ማን አለ?"

"ታዲያ የዌስሊ ለምን ከዌስሊ ይሸሻሉ?"

ሌሎቹም ሥራቸውን ያቆሙ ሳይመስሉ አቆሙ።

"አይሸሹትም" አሉ ኢዋርት። "እርግብ ወደ ሰው አይደለም የሚመለሰው። ጫጩት ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ያየበት ቦታ አለ፤ አለቀ፣ ዓለሙ ያ ነው። አንዴ ያደገውን እርግብ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ ብታስገቢው፣ በወርቅ ሳህን ብታበይው፣ በሩን የከፈትሽ ቀን አንቺ ጓሮ ታገኚዋለሽ።"

"ዌስሊ ይህን አያውቅም?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። "ዌስ ይህን ካላወቀ እኔም ስሜን አላውቅም!" አለ አንዱ።

"ካወቀ ለምን ወሰዳቸው?"

"ሌላ ምን ያድርግ? ምናልባት ብሎ ነዋ" አሉ ኢዋርት።

ግሌኒስ የመጣላትን ቢራ ሳትነካ "ቤቱ ሲሸጥስ ምን ይሆናሉ?" አለች።

"የምትገዛው ሴትዮ የእርግብ ቤቱን ታፈርሰዋለች፤ ያላፈረሰ አይቼ አላውቅም። እነሱ ግን ይመጣሉ። ጣሪያው የነበረበት አየር ላይ ይዞራሉ፣ አጥሩ ላይ ያድራሉ። የቀረውን ጭልፊት ይጨርሰዋል። ዕድሜ ልካቸውን ዘግቶ ማስቀመጥም ይቻላል፤ አዲሱን ቦታ የሚለምዱት እዚያ የሚፈለፈሉት ብቻ ናቸው። ዌስ ደግሞ እርግብ አይዘጋም። እንግዲህ ያልዘጋ ሰው..." ኢዋርት ሁለት እጃቸውን አጋጥመው የእርግብ አንገት እንደያዘ ሰው ትንሽ ጠመዘዙት።

ግሌኒስ ያንን እጅ አየችና ገባት። ፊርማው ማለት ይህ ነው።

"ለምን አልነገረኝም ታዲያ? አደራዳሪዋ ፊት ጠይቀነዋል እኮ!"

"ምን ብሎ ይንገርሽ፣ ልጄ? የእናትሽን ቤት አትሽጪ ይበልሽ? ባዶ እጁን የገባበትን ጓሮ ስጪኝ ይበልሽ? አንቺ ዌስን አታውቂውም እንዴ?"

ታውቀዋለች። ቢራውን አነሳችና በአንድ ትንፋሽ አጋመሰችው።

በማግስቱ ዌስሊ እርግቦቹን ሊወስድ ሲመጣ፣ ጓሮው መሐል ከአጥር እስከ አጥር ገመድ ተወጥሮ አገኘ። ግሌኒስ ዕድሜዋን በመጋረጃ ስፌት ያሳለፈች ስለሆነች ገመዱ ቀጥ ብሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ገመድ።"

"ገመድ መሆኑንማ አየሁ።"

"ከገመዱ ወዲያ ያለው ላንተ ነው። የእርግቡ ቤት፣ መሬቱ፣ የኋላው በር። በኋላ መንገድ ትገባለህ፣ በኋላ መንገድ ትወጣለህ። ከገመዱ ወዲህ ይሸጣል።"

ዌስሊ ቅርጫቶቹን መሬት አስቀመጠ። "ኢዋርት ነው የነገረሽ።"

"ኢዋርት ቢራ ነው የጋበዙኝ። መናገሩ ያንተ ሥራ ነበር።"

"የእናትሽ መሬት ነው፣ ግሌን።"

"እናቴ እዚያ ጥግ ያበቀለችው ሩባርብ የሚባል ጎምዛዛ ተክል ብቻ ነው፤ እሱንም ስኳር ካልበዛበት የበላላት የለም። እናቴን ተዋት።"

ዌስሊ ገመዱን በጣቱ ነካ አደረገው፤ ነዘረ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ መልሶ ገመዱን አየ።

"ጓሮው ካጠረ ሴትዮዋ ዋጋ ትቀንሳለች።"

"ትቀንስ።"

"የቀነሰችው በሙሉ ከኔ ድርሻ ይውጣ።"

"እኩል እንሸከመዋለን፣ ሞኝ አትሁን።"

"ከድርሻሽ አንዲት ፓውንድ ብትጎድል አልፈርምም" አለ ዌስሊ። በወራት ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያው ቁርጥ ያለ ቃል ይህ ነበር። "እኔ የተከራየሁበት ቤት ይበቃኛል። አንቺ ከድርሻሽ ከተነካ የሆርንሲው ቤት አይደርስሽም፤ አስቤዋለሁ።"

ግሌኒስ እስኪመሽ ተከራከረች። ነገር ግን ሽማግሌው በሚጠይቁት ዋጋና በእሷ ድርሻ መሐል የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ዌስሊ በዚያ ቀን ቅርጫቶቹን ባዶአቸውን መልሶ ወሰደ።

ታምሲን ስለ አጠረው ጓሮ ሲነገራት "ኧረ ጎሽ፣ ሣር ማጨድ እጠላለሁ" አለች፤ ዋጋውን ግን አልማረችም፣ ደህና አድርጋ ቀነሰችው። ጠበቆቹ ስምምነቱን እንደገና ጻፉት። ዌስሊ በደረሰው ዕለት ፈረመ። ወረቀቱ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ግሌኒስም ዕቃ ማሸግ ጀመረች።

ከፍርድ ቤቱ የመጣው ግን ማኅተም ሳይሆን ቀጠሮ ነበር። ዳኛዋ ሁለቱንም በኮምፒውተር ላነጋግር ብላለች። ጠበቃው በስልክ "ዳኛ የሚጠራው አንደኛው ወገን የተጎዳ ሲመስለው ነው። አላጸድቅም ካለች እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው" ሲላት ግሌኒስ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። እንደ አዲስ ከተጀመረ ሽማግሌው አይጠብቋትም። የእርግቦቹም ነገር እንደዚያው ነው።

በቀጠሮው ቀን የዌስሊ ኢንተርኔት አልሠራ ብሎት ወደ ግሌኒስ ወጥ ቤት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ክራቫት አስሯል፤ የአውቶቡስ ድርጅቱ ክራቫት ነው። ዳኛዋ ጸጉሯ አጭር፣ ፊቷ የደከመ ሴት ናት። ሁለቱን በአንድ መስኮት ስታይ ቅንድቧ ከፍ አለ።

"አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ?"

"የኔ አልሠራ ብሎ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አለ ዌስሊ።

"ማንም አላስገደደዎትም?"

"ብስኩት እንድበላ ብቻ።"

ዳኛዋ ወረቀቷን ገለጠች። "አቶ ኦልድሮይድ፣ ግልጽ ልሁን። በመጀመሪያው ስምምነት እኩል ነበራችሁ። በዚህኛው ብዙ ገንዘብ ይተዉና በምትኩ የጓሮ ቁራጭና አንዲት የእንጨት ጎጆ ይወስዳሉ። ቤት መግዛት የሚችሉበትን ገንዘብ እየተዉ መሆኑን ተረድተውታል?"

"ጎጆ አይደለችም፣ ክብርት ዳኛ።"

"ታዲያ ምንድን ናት?"

"የእርግብ ቤት ናት።"

"እሺ። የእርግብ ቤት አዲሱ መኖሪያዎ ግቢ ውስጥ መሥራት አይቻልም?"

"ሠርቻለሁ።"

"እና?"

"አልተቀበሉትም።"

"ወደኔ ተመልሰው መጡ" አለች ግሌኒስ፣ መናገር ይፈቀድ አይፈቀድ ሳታውቅ።

"ወይዘሮ—"

"ወይዘሮ አይበሉኝ፣ ክብርት ዳኛ። ግሌኒስ ይበቃል። ሁለቴ ነው የመጡት።"

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "እርግቦቹ በገበያ ምን ያህል ያወጣሉ?"

"ምንም" አለ ዌስሊ። "ሌላ ሰው ሊያበርራቸው አይችልም። ከዚያ ጓሮ ውጭ ዋጋ የላቸውም።"

"እንግዲያው ምንም ለማያወጣ ነገር ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚተዉት። ለምን እንደሆነ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ። ጠበቃዎ የጻፈው አልገባኝም።"

ዌስሊ ክራቫቱን ነካካ። ግሌኒስ ልትናገርለት ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች።

"ዘራቸው የአባቴ ነው" አለ። "አባቴ ሲሞት ቤቱን ማዘጋጃ ቤት ሊወስደው ነበር። ወደዚህ ሳመጣቸው እንቁላል ነው ያመጣሁት፣ በብብቴ ይዤ፤ ሙቀት እንዳይለያቸው። እዚህ አስታቀፍኳቸው፣ እዚህ ተፈለፈሉ፣ እዚህ ለመዱ።"

"ታዲያ አሁንም እንደዚያ ማድረግ ይቻል የለም? እንቁላሉን ወደ አዲሱ ቤት?"

"ይቻላል።"

"ታዲያ?"

"የዚያን ጊዜ ያደጉት የአባቴ እርግቦች ነበሩ፣ ክብርት ዳኛ። እነሱ መሄጃ አልነበራቸውም። በራሴ እጅ ነው የጨረስኳቸው፤ ጓሮ ቆሜ፣ አንድ በአንድ። አባቴ በስማቸው ነበር የሚጠራቸው። ያኔ ወጣት ነበርኩ።" እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "አሁን አልችልም። ገንዘቡ ይቅር።"

ግሌኒስ ዞር ብላ አየችው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለእሷም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት እጆቹ ዕድሜ ልክ መሪ የያዙ ሰፋፊ እጆች ናቸው።

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች። "አቶ ኦልድሮይድ የሚያደርጉትን በደንብ እንደሚያውቁ ረክቻለሁ። አጸድቀዋለሁ።"

ግሌኒስ "እፎይ!" ስትል ማይክሮፎኑ አጎላው።

"አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም" አለች ዳኛዋ። "ከየት ድረስ ነው የሚመለሱት?"

"ከፈረንሳይ። ጎበዞቹ በዚያው ዕለት ይገባሉ።"

"ባሕር አቋርጠው? ወደዚያች ጓሮ?"

"ወደዚያች ጓሮ።"

"እንዴት ያውቁታል?"

"አይታወቅም። በፀሐይ ነው የሚሉ አሉ፣ በማሽተት ነው የሚሉም አሉ። በመሬት ውስጥ ባለ ማግኔት ነው የሚሉ ደግሞ መጡ። አባቴ 'ስለሚፈልጉ ነው' ነበር የሚለው።"

"በአዲሱ ቤትዎ ላይ ሲያልፉስ አያዩትም?"

"ያዩታል። ዝቅ ብለው ይዞሩታል እንኳ። ከዚያ ያልፋሉ።"

ዳኛዋ ሌላ ነገር ልትጠይቅ ነበር፤ አጠገቧ ያለ ሰው ጎሮሮውን ጠራረገ። ሌላ ባለጉዳይ እየጠበቃት ነበር። "መልካም ዕድል ለሁላችሁም" ብላ ጠፋች።

ማኅተም የተመታበት ስምምነት መጣ። ወዲያው የመጨረሻውን ትእዛዝ ጠየቁ፤ እሱም መጣ። ግሌኒስ ስልኳ ላይ ስታነበው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነበረች። ለኋላዋ ሴት "ፈረሰ" አለቻት፤ ሴትዮዋም "ምኑ?" አለች። ዌስሊና ሁለት የክበቡ ሰዎች ገመዱ የነበረበት ላይ አጥር አቆሙ።

ታምሲን ቁልፍ የተረከበችው ቅዳሜ ነው። ትንሿ ልጇ ባዶ ክፍሎቹን እየሮጠች ታዳርሳለች። ቤሪል ውጭ መኪናዋ ውስጥ ሆና ግሌኒስን ትጠብቃለች፤ ሆርንሲ ሳይመሽ መድረስ ፈልጋለች። ታምሲን ከሻንጣዋ አንድ እርጥብ ነጭ አንሶላ አውጥታ፣ "መንገድ ላይ ሻይ ተደፋበት፣ አጥቤዋለሁ፤ ልሰቅለው" ብላ የጓሮውን በር ያዘች።

"ቆይ!" አለች ግሌኒስ። "አሁን አታውጪው።"

"ለምን?"

"ቅዳሜ ነው። ዛሬ እርግቦቹ ከፈረንሳይ ነው የሚመጡት። ነጭ ነገር ሲውለበለብ ካዩ አይወርዱም፤ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። ቤታቸው ገብተው መግቢያው ላይ ያለውን የሰዓት መመዝገቢያ ሰሌዳ ካልረገጡ ሰዓታቸው አይመዘገብም፤ ውድድሩ በዚያ ይበላሻል።"

"ይሄ ውሉ ላይ አለ?"

"የለም።"

"ብሰቅለውስ? ይሰድበኛል?"

"ዌስ? አይሳደብም። ቆሞ አንሶላውን ያየዋል። ያ ይብሳል።"

ታምሲን ሳቀችና አንሶላውን ክንዷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ መጣች። ልጅቷም መሐላቸው ገባች። ከአጥሩ ወዲያ የዌስሊ ቆብ ብቻ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። ግሌኒስ በዚህ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት የፊት ክፍል ተቀምጣ ሬዲዮ ነበር የምታዳምጠው። መስኮቱ ጋ መጥታ ቆማ አታውቅም።

"ምንም የለም" አለች ልጅቷ።

"ጠብቂ።"

ሰማዩ ነጭ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ በስተቀኝ አንዲት ነጥብ ታየች፤ ሲያዩዋት ወፍ ሆነች፣ ወፏ ክንፏን አጠፈችና ወደ እነሱ ወረደች።

"እሷ ናት? ከየት ነው የመጣችው?" አለች ልጅቷ።

"ከፈረንሳይ።"

"ብቻዋን?"

ግሌኒስ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ጡብ ደረቷ ናት። በቤቱ ጫፍ ላይ ዞረች፣ በአጥሩ ላይ ዞረች፤ አጥሩ አዲስ ነው፣ ልብም አላለችው። የዌስሊ ቆብ ዝቅ አለ። የበቆሎው ቆርቆሮ በቀስታ ተንቀጫቀጨ። እርግቧ ጣሪያው ጫፍ ላይ አረፈችና ወደ ውስጥ ልትገባ አንገቷን አሰገገች።

በዚህ ጊዜ ከቤቱ ፊት ለፊት የቤሪል መኪና ጡሩምባ ተነፋ። እርግቧ ደንግጣ ብድግ አለችና ወደ አየር ተመለሰች።

ግሌኒስ በባዶው ኮሪደር ሮጠች። የፊት መስኮቱን ከፍታ እስከ ወገቧ ወጣችና በሹክሹክታ ጮኸች፦

"ቤሪል! በእናትሽ ዝም በይ! ገና አልገባችም!"